የአባቴ ጆሮና የእኔ ካንዴላ

አባቴ «ሹፌር» የሚለውን ቃል ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም ነበር። ሰው «ልጅዎ የት ገባ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ጎንደር ነው፣ ለትምህርት» ይላሉ። ጎንደር መሆኔ እውነት ነው፤ መማሬም እውነት ነው። ብቻ የምማረው ጋራዥ ውስጥ፣ መኪና ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ዘይት ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። ይህንን አባቴ፣ የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ሆነው፣ እንዴት አድርገው ለሰው ይናገሩት። እንኳን ለሰው ለራሳቸውም የነገሩት አይመስለኝም።

ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ዜማም ሊያስገቡብኝ ብዙ ደክመዋል። ስለዚህ አባባ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም፤ እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች «የኔታ» ነው የምላቸው። ድምፄ ለዜማ እንደማይሆን እኔ አውቃለሁ፣ ጓደኞቼ ያውቃሉ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ የሚቀመጡት ነዳያን ሳይቀሩ ያውቃሉ። እሳቸው ብቻ «ገና ነው፣ ይከፈትለታል» እያሉ ይጠብቁ ነበር። ድቁና ተቀበልኩ። ቅስናዬን ሲጠብቁ እኔ ጎንደር ገባሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሼ ወረታ ላይ የአንድ እህል ነጋዴ መኪና መንዳት ጀመርኩ።

መኪናዋ ጣሊያን ጥሏት የሄደች ናት ይባል ነበር። በደንብ ካወቅኋት በኋላ ለምን እንደጣላት ገባኝ። ፊቷ ከሹፌሩ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ይይዛል፣ ኋላዋ ክፍት ነው፣ የቀኝ በሯ በጠፍር ይታሰራል። ጠዋት በአፍንጫዋ ብረት አስገብቼ እንደ ወፍጮ ካላዞርኳት አትነሣም። ቢሆንም እወዳት ነበር። ያኔ ስለ እሷ ክፉ የሚናገር ሰው ቢኖር፣ እኔን ከሰደበኝ ይልቅ ይከፋኝ ነበር።

ያገባሁት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ በጥር ወር ነው። የካቲት ሲገባ የአባቴ የጉልበት ቁርጥማት ጠናባቸው። ስንት ዓመት ሙሉ መቋሚያ ተደግፈው ማኅሌት የቆሙበት ጉልበት ነው፤ ቢያምፅ አይፈረድበትም። የወንዛዬ ፍል ውሃ ለቁርጥማት ፍቱን ነው ይባላል፤ ችግሩ መድረሱ ነው። በበቅሎ እንዳይሄዱ ጉልበታቸው ኮርቻ ላይ አይታጠፍም። በሰው ሸክም እንዳይሄዱ «ሳልሞት በቃሬዛ አልሄድም» አሉ። ይኼኔ ነው እኔ ዘው ብዬ «የኔታ፣ እኔ በመኪና አደርስዎታለሁ» ያልኩት።

ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «መልካም። ይህ ብረትህ ወንዛዬ አድርሶ ከመለሰኝ፣ ስለ ቅስናህ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። መንገድ ላይ ከጣለኝ ግን ቁልፉን ለባለቤቱ ትመልስና ከእኔ ጋር ጳጳሱ ዘንድ ትሄዳለህ።»

እኔም አፌን ሞልቼ «እሺ» አልኩ። ወጣት ነበርኩ፤ አፍ መሙላት አይቸግረኝም።

የመኪናዋ ባለቤት ለአንድ ቀን ፈቀደልኝ። ጾሙ ሳይገባ ሄደን እንድንመለስ ተቆረጠ። አባቴ ከፊት ከእኔ ጋር፣ እናቴና ሚስቴ ከኋላ አጎዛ ተነጥፎላቸው ይሄዳሉ።

ስለ ሚስቴ ትንሽ መናገር አለብኝ። ከአንበሳሜ ወዲያ ነው የመጣችው፤ ቤታችን ከገባች ገና አምስት ሳምንቷ ነበር። በእኛ ዘንድ ሙሽራ አማቷ ፊት ድምፅዋን አታሰማም። አማትየው ጊደር መርጦ ሰጥቷት «ልጄ፣ ከእንግዲህ ተናገሪ» እስኪላት ድረስ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ በዓይኗ ብቻ ነው የምትኖረው። አባቴ ደግሞ ስስታም አልነበሩም፤ መራጭ ነበሩ። ይቺ ቀንዷ አላማረኝም፣ ያቺ እናቷ ወተት የላትም፣ ይቺኛዋ ገና ናት እያሉ አምስት ሳምንት አለፈ። እናቴ «ልጅቱ ሳትናገር ልታረጅ ነው» ትላቸዋለች። እሳቸው «ጥሩ ጊደር እየፈለግሁላት ነው፣ አትቸኩዪ» ይላሉ።

በዚያ ላይ ሚስቴ ሥራ ወዳድ ናት። አፏ ቢታሰር እጇ አልታሰረም። እናቴ በሄድንበት ጠዋት ከበሩ ላይ ቆማ ለጎረቤት ስትናገር ሰምቻታለሁ፦ «እጇ ንጹሕ ነው እኮ። ከመጣች ወዲህ እቤቴ ያልታጠበ፣ ያልታጠነ ዕቃ የለም። የምጠጣበት ዋንጫ ሳይቀር ወይራ ወይራ ይላል።» እኔም በሚስቴ ኮርቼ፣ ትላንት ወረታ ሞልቼው የመጣሁትን ጀሪካን አንሥቼ ቤንዚኑን ወደ ታንከሩ ገለበጥኩ። ከዚያ በፊት ጀሪካኑ ባዶውን ሁለት ሳምንት እቤት ተቀምጦ የነበረ ነው። ሳነሣው እንደ ወትሮው እጄን አላቆሸሸኝም። ይህንን ልብ ያልኩት ግን በኋላ ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየን። አባቴ ጥምጣማቸውን አጥብቀው፣ ጭራቸውን በአንድ እጅ፣ መቋሚያቸውን በሌላው እጅ ይዘው ወጡ። በሩን በጠፍር ሳስርባቸው «እኔ እንዳልሸሽ ነው ወይስ እሱ እንዳይወድቅ?» አሉኝ። ሁለቱም ነው ብል ደስ ባለኝ፤ አልደፈርኩም።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄድን። ክረምት ሜዳውን የሚያጥለቀልቀው ውሃ ከሸሸ የቆየ ነው፤ ሜዳው ላይ ጓያውና ሽምብራው ደርሷል፣ ከብቱ ዳር ዳር ተበትኗል። አባቴ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው የመኪናዋን ወለል በቀስታ ይመቱ ነበር። ልክ ማኅሌት ላይ እንደሚያደርጉት። ሞተሯ ምት አላት፤ እሳቸው ደግሞ ምት ሰምተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

ዋናውን መንገድ ይዘን ብዙም ሳንርቅ መኪናዋ ሳል ጀመራት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እህ ብላ። የአባቴ መቋሚያ አየር ላይ ቆመ።

«ምን አለ?» አሉ።

«አቧራ ነው፣ የኔታ።»

«አቧራ እሱንም ያስለዋል?»

«አንዳንድ ጊዜ።»

መልሰው መምታት ጀመሩ። እኔ ግን ጆሮዬን ሞተሯ ላይ ጣልኩ። ሜዳው ላይ እህ እያለች፣ እየተንጠራራች፣ አንዴ እየፈጠነች አንዴ እያነከሰች ጉማራ ድልድይ አደረሰችን። ድልድዩን አልፈን ትንሿን ዳገት ስንጀምር ግን ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ተንቀጠቀጠች፣ ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ዘለለች፣ ቆመች። ከኋላ እናቴ «ቅዱስ ሚካኤል» ስትል ሰማኋት። ሚስቴ ምንም አላለችም። እንዴት ትበል።

አባቴን ደግፌ አወረድኩና ዋንዛ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። እናቴና ሚስቴም ወርደው ከእሳቸው ኋላ ተቀመጡ። እኔ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጎንደር ጋራዥ ውስጥ የሠራሁለት መካኒክ ጌታዬ ሞተር ሲያስቸግር መጀመሪያ ካንዴላ እይ ብሎ አስተምሮኛል። ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ ገብታ እሳት የምትጭር ነገር ናት፤ መኪናዋ አራት አላት። አራቱንም ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ ፍቄ መለስኩ። አስነሣኋት። ቆማ ስትሠራ ደህና ናት፤ ነዳጅ መስጫውን ስረግጥ፣ ለመሄድ ስል፣ ያው እህ እህ። ደግሜ ፈታሁ፣ ደግሜ አጸዳሁ። ያው ናት። ሦስተኛ ልፈታ ካቻቪቴና መፍቻዬን ሳነሣ ከዋንዛው ሥር ድምፅ መጣ።

«አፋቸውን ሁለት ጊዜ አጠብክላቸው። ለመሆኑ አብልተሃቸዋል?»

ተናደድኩ። ሦስት ዓመት ዘይት የጠጣሁበትን ሙያ ከዚያ ቀን በፊት መኪና ላይ ተሳፍረው የማያውቁ ሰው ሊያስተምሩኝ ነው። «የኔታ፣ ይህ እኮ ብረት ነው» አልኳቸው።

«ብረት መሆኑን አያለሁ። ስንት ናቸው የሚጮኹት?»

«አራት።»

«አስነሣውና ዝም በል።»

አስነሣሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው፣ መቋሚያቸውን ድንጋዩ ላይ እየመቱ አዳመጡ። በእጃቸው ምልክት ሲሰጡኝ ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ሲሰጡኝ እለቃለሁ። ሞተሩን የምመራው እኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንደ ማኅሌት የሚመሩኝ እሳቸው ናቸው።

«አሁን ስማ» አሉ። «ከመዘምራኑ አንዱ ሲያበላሽ ማን እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። በየዙሩ እዚያችው ቦታ ላይ ሲደርስ ይጎድላል። አንተ ራስህ እንደዚያ ነበርክ። እነዚህ ግን አንዳቸውም ብቻውን አይጎድልም። አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ይህ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። ሑዳዴ ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ፣ ተማሪዎቼ እንዲህ ናቸው። ርቧቸዋል።»

አላመንኳቸውም። ስላላመንኳቸው፣ ስህተታቸውን ላሳያቸው ብዬ፣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ነገር አደረግሁ። የካንዴላዎቹን ሽቦ አንድ በአንድ እየነቀልኩ አዳመጥኩ። የማይሠራ ካንዴላ ካለ ሽቦው ሲነቀል ሞተሩ ምንም አይለውጥም። የመጀመሪያውን ነቀልኩ፤ ሞተሩ አነከሰ። ሁለተኛውን፤ አነከሰ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። አራቱም ደህና ናቸው ማለት ነው። ከዚያ የአየር መዝጊያዋን ሳብኩ፤ አየር ሲቀንስ ቤንዚን ይበዛል። ነዳጅ ረገጥኩ። መኪናዋ ያን ሁሉ ጊዜ ስታስል እንዳልነበረች ሁሉ ትንፋሿ ተመለሰ።

ርቧታል። ኩም አልኩ። አባቴ ጭራቸውን ወዲህ ወዲያ እያደረጉ ዝንብ ይከላከሉ ነበር። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ችግሩ ካርቡራተሩ ላይ ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚደባለቁበት ዕቃ ነው። ፈታሁት። ታችኛዋ ጽዋ ውስጥ ከቤንዚኑ ጋር ጥቃቅን ጥቁር ነገር ይዋኛል። ቤንዚን የሚያልፍባት፣ መርፌ የማታህል ቀዳዳ በዚሁ ተደፍናለች። ዝገት መስሎኝ መዳፌ ላይ ገለበጥኩት። ቤንዚኑ ወዲያው ተነነ፤ ጥቁሩ መዳፌ ላይ ቀረ። በጣቴ ፈጨሁትና አሸተትኩት።

ወይራ ነው። የእናቴ የወተት ቅል ሽታ።

ቀና ስል ዓይኔ ከሚስቴ ዓይን ጋር ገጠመ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሸፍናለች፤ ከዚያ በላይ የሚታየው ዓይኗ ግን እንደ ጽዋ ፈጥጧል። እኔ ካንዴላ ስፈታና ስገጥም ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ባላውቅም፣ ዓይኗ ይህን ሲነግረኝ ቆይቶ ኖሯል፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባኝ። ሚስቴ ባሏ ያመጣውን ጀሪካን እንደ ዕቃ ቆጥራ፣ ሲሸታት ጊዜ አጥባ፣ የወይራ ፍም ጨምራ አጥናዋለች። የቤንዚን ዕቃ። ቤቱ ከነሰዉ ወደ ሰማይ ሳይወጣ የቀረው በሚካኤል ነው።

ልስቅ ብዬ ተውኩት። እውነቱን ብናገር እኔ እድናለሁ። ጥፋቱ የሙያዬ አይደለም፣ የሙሽራዋ ነው እላለሁ፤ አባቴም ሌላ ምክንያት አያገኙም። እሷ ግን አፏን ሳትከፍት፣ ጊደሯን ሳትቀበል፣ በአማቷ ፊት የመጀመሪያ ስሟ «መኪና ያበላሸች» ሊሆን ነው። ያን ዓይኗን ሳየው አንጀቴን በላችው።

«ምን አገኘህ?» አሉ አባቴ።

«ቆሻሻ ነው፣ የኔታ።»

«ከየት ገባ?»

«ከጀሪካኑ። ሳላየው ቀዳሁበት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አባቴ በረጅሙ ተነፈሱ። የተደሰቱም አይመስሉም ነበር፤ ያ ነው የባሰብኝ። «ሦስት ዓመት ተምረህ ዕቃህን አይተህ አትቀዳም?» አሉ። «እንግዲህ ቃልህን ታስታውሳለህ። መንገድ ላይ ጥሎኛል።»

«አስታውሳለሁ» አልኩ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ያዝኩት፤ ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም።

«አባባ፣ እኔ ነኝ።»

የማን ድምፅ እንደሆነ ለመለየት ሁላችንም ዞርን። ሚስቴ ቆማለች። ነጠላዋ ከአፏ ወርዷል። የአምስት ሳምንት ድምፅ ተጠራቅሞ ነው መሰለኝ ከፍ ብሎ ነው የወጣው። «እኔ ነኝ ያጠንኩት። በጣም ሲሸተኝ ጊዜ በአመድና በፍል ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አዋልኩት። ከዚያ በወይራ አጠንኩት። እሱ አያውቅም።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ጉማራ ላይ ውሃ የሚጠጡት ከብቶች ድምፅ ይሰማ ነበር። አባቴ ልጅቱን አዩዋት፤ በደንብ ያዩዋት ያን ቀን ይመስለኛል።

«በደረቅ ወይራ ነው?» አሏት።

«አዎ አባባ፣ በደረቅ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

ጥቂት አሰቡና «ለቤንዚን ሁለት ጊዜ ይበዛል» አሉ።

እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን ወደ ዋንዛው አዞረች። አባቴ ግን ወደ እኔ ዞረዋል። «እሷስ ዕቃ አጸዳች። አንተን ልጠይቅህ፤ ይህ ብረት ማጥለያ የለውም? ጠላ እንኳ ሳይጠለል አይጠጣም።»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። ማጥለያ ነበረው። ቤንዚን መግቢያው ላይ የምትቀመጥ ቀጭን ወንፊት ነበረችው፤ ከተቀደደች በኋላ ሌላ እስካገኝ ብዬ ራሴ አውጥቼ ጥያታለሁ። ወር አልፎት ነበር፤ ሌላ አልፈለግሁም። ይህንን ተናገርኩ። ጥፋተኛ ነኝ ያልኩት ለሚስቴ ብዬ ነበር፤ ለካ እውነቴን ነው። ከዚያ ወዲህ ደግ ለመሆን ብዬ ጥፋት ስቀበል መጀመሪያ ራሴን እመረምራለሁ።

«በሉ ሥሩ» አሉ አባቴ። ሥሩ ያሉት ለሁለታችን ነው።

ያችን ቀዳዳ በሽቦ መውጋት አይሆንም፤ ሽቦ ያሰፋታል። የጎንደሩ ጌታዬ በፈረስ ጭራ ፀጉር ነበር የሚያጸዳት። ፈረስ አጠገባችን የለም። ያለው አባቴ እጅ ላይ ያለው ጭራ ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት፣ እጀታው በብር የተለበጠ። ጠየቅኳቸው። ጭራውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መኪናዋን አዩ። ከዚያ ራሳቸው አንድ ፀጉር መርጠው ነቀሉ። መራጭ ናቸው ብያለሁ።

«አንድ ብቻ» አሉ።

ቀዳዳዋን በፀጉሩ አጸዳሁ፣ በአፌ ነፋሁ፣ ካርቡራተሩን መልሼ ገጠምኩ። ከታንከሩ ሥር ብሎኑን ፈትቼ ቤንዚኑን በሙሉ ይዘነው ወደ መጣነው ጀሪካን መለስኩ። ማጥለያ ግን የለም። ሚስቴ አልጠየቀችኝም፤ የሙሽርነት ነጠላዋን አራት ላይ አጠፈችና የታንከሩ አፍ ላይ ዘረጋችው። «ቀስ እያልክ አፍስስ» አለችኝ። አፈሰስኩ። ጥቁሩ ነጠላው ላይ ቀረ፤ ቤንዚኑ ንጹሕ ሆኖ ወረደ። ያ ነጠላ ከዚያ በኋላ ለልብስ አልሆነም። ለብዙ ዓመት መኪና ውስጥ አብሮኝ ዞሯል።

አስነሣኋት። ነዳጅ ረገጥኩ። እህ የለም፣ ማነከስ የለም። አባቴ ተደግፈው ገቡ፣ በሩ ታሰረ፣ ዳገቱን ወጣን። መቋሚያቸው ወለሉን መምታት ጀመረ። ለራሳቸው «ጠገቡ» ሲሉ ሰማኋቸው። ስለ ቃላችን ግን አንድም ነገር አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዋናው መንገድ ወጥተን በበጋ ብቻ መኪና በሚያስገባው መንገድ ወንዛዬ እስክንደርስ ድረስ ቁልፉ ለባለቤቱ ይመለስ ወይስ ከእኔ ጋር ይቅር አላወቅሁም ነበር። መንገድ ላይ ጥያቸዋለሁ። ያነሣኋቸውም እኔ ነኝ። የትኛውን እንደሚቆጥሩ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

እናቴ ከኋላ ሆና በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ «ልጅቱ ተናግራለች፣ ጊደሯስ?» አለቻቸው።

«ሳልሰጣት ተናገረች፤ አትርፌያለሁ» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ያቺን ቡላዋን ትውሰድ» አሉ። ከቤታችን ጊደሮች ሁሉ የበለጠችው እሷ ነበረች።

ወንዛዬ ስንደርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። አባቴን ደግፌ ወደ ፍል ውሃው አስገባሁና ልብሳቸውንና ጥምጣማቸውን ይዤ ድንጋዩ ላይ ቆምኩ። እስከ ወገባቸው ገብተው ጉልበታቸውን ያሻሹ ጀመር። ከጎናቸው አንድ የአንበሳሜ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠው ነበር፤ ከቀድሞ ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ። ከዚያ ሽማግሌው «በዚህ ጉልበትዎ በምን መጡ?» አሏቸው።

«በመኪና።»

«የማን መኪና? ማን አመጣዎ?»

አባቴ ውሃውን በመዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ አፈሰሱ። እኔ ከላይ ቆሜ እንደምሰማ ያውቃሉ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

«ልጄ ነው ያመጣኝ» አሉ። «ሹፌር ነው። ምራቴ ደግሞ ቤንዚኑን ታጥንለታለች።»